ፊልሙን ማን አስቀመጠው?

ከጠፈር ስለታየችው ምድር ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚወጣው ፎቶግራፍ ያው ነው፤ የአፖሎ 8 ጠፈርተኛ ዊልያም አንደርስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 24 ቀን 1968 ያነሳው፣ ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ ያለችው ሰማያዊት ምድር። ውብ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ቅር የሚለኝ ከእሱ በፊት የመጡት፣ ጭረት የበዛባቸው ጥቁርና ነጭ ምስሎች መረሳታቸው ነው። ካሜራውን ያነጣጠረውን እናመሰግናለን፤ ፊልሙን ያተረፈውን ግን ማን ስሙን ይጠራል?

እ.ኤ.አ. በ1946 እንጀምር። ጀርመኖች ለንደንን ይደበድቡበት የነበረው ቪ-2 ሮኬት በአሜሪካኖች እጅ ገብቶ ነበርና፣ በኦክቶበር 24 አንዱ ከኒው ሜክሲኮው የኋይት ሳንድስ በረሃ ተተኮሰ። በውስጡ በየአንድ ሰከንድ ተኩል አንድ ፎቶ የሚያነሳ የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነበር። ሮኬቱ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ከወጣ በኋላ ያለ ፓራሹት፣ በሰከንድ 150 ሜትር ገደማ እየተምዘገዘገ ወርዶ ከበረሃው ጋር ተላተመ። ካሜራው እንክትክቱ ወጣ። ፊልሙ ግን ወፍራም የብረት ሣጥን ውስጥ ስለነበር ተረፈ። ስብርባሪውን ለመፈለግ ከተላኩት መካከል አንድ የ19 ዓመት ወታደር ነበር፤ ሣጥኑ በደህና ሲገኝ ሳይንቲስቶቹ እንደ ሕፃን ይዘሉ እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግሯል። ፊልሙ ሲታጠብ ጥቁር ሰማይ፣ ደመናና የምድር ጉብታ ታየ።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 23 ቀን 1966፣ ሉናር ኦርቢተር 1 የተባለ ሰው አልባ የአሜሪካ መንኮራኩር ምድርን ከጨረቃ አጠገብ ሆኖ አነሳት። ሥራው ለጠፈርተኞች ማረፊያ የሚሆን ቦታ መፈለግ እንጂ ምድርን ማየት አልነበረም። መንኮራኩሩን ወደ ምድር ማዞር አደጋ ስለነበረው፣ የሠራው የቦይንግ ኩባንያ ኃላፊዎች አመንትተው ነበር። ፊልሙን የሚያመጣ ሰው ስላልነበረም መንኮራኩሩ እዚያው ጨረቃን እየዞረ ፊልሙን ያጥባል፣ በብርሃን ጨረር መስመር በመስመር ያነባል፣ ከዚያም በሬዲዮ ይልካል። ፎቶ ቤት በሰማይ ማለት ነው። በምስሉ ላይ ከኢስታንቡል እስከ ኬፕታውን፣ ከዚያም በስተምሥራቅ ያለው ሁሉ ሌሊት ነው። አዲስ አበባም መሽቶባት ከጨለማው ወገን ናት።

ያን ጊዜ ጋዜጦች ያተሙት ቅጂ ግን ሸንተረር የሞላበት ነበር። ጥራቱ ያለው በሬዲዮ የመጣው ምስል የተቀዳባቸው ማግኔት ቴፖች ላይ ነበር፤ እነሱ ደግሞ መጋዘን ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ምን እናድርጋቸው የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ናንሲ ኢቫንስ የተባለች የናሳ የመረጃ ክምችት ባለሙያ እንዲጣሉ ሕሊናዋ አልፈቀደም። ማንበቢያ መሣሪያዎቹ እያንዳንዳቸው ማቀዝቀዣ ያህላሉ። እነሱንም ፈልጋ አግኝታ ለዓመታት በቤቷ ጋራዥ አስቀመጠቻቸው። በመጨረሻ አንድ ቡድን ካሊፎርኒያ በሚገኝ የናሳ ማዕከል፣ ሥራ ባቆመ የማክዶናልድስ ምግብ ቤት ውስጥ ሆኖ መሣሪያዎቹን ጠግኖ አስነሳቸው። በኖቬምበር 2008 ያቺው ምድር፣ በ42 ዓመቷ፣ ጥርት ብላ ወጣች።

በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ እንዳልሆንኩ ልናዘዝ። የእናትና የአባቴ የሠርግ ነጋቲቭ «ሌላ ጊዜ ትወስዱታላችሁ» ያለ አንድ ፎቶ ቤት ዘንድ ቀርቶ ቀረ። ግን ሀብታሙም ቢሆን ይጥላል። የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠበትን የአፖሎ 11 የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የያዙት ቴፖች ተሰርዘው ሌላ ነገር ሳይቀዳባቸው እንዳልቀረ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2009 አምኗል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን ሳተላይት ከቻይና ስታስወነጭፍ ደስታችን ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ሳተላይቷ የእርሻ፣ የውኃና የደን መሬታችንን ለመከታተል የታሰበች ነበረች። የደን ምስል ደግሞ ዋጋው የሚታወቀው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ስለ ማስወንጨፉ ብዙ ተነግሮናል። ስለ ምስሎቹም ቢነገረን ደስ ይለኛል፤ እንጦጦ ያለው የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ የተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች በስንት ቅጂ፣ በምን ዓይነት ዲስክ፣ በየትኛው ሕንፃና በማን ኃላፊነት ተቀምጠዋል? በ2050 ዓ.ም. አንድ ተማሪ ልያቸው ብሎ ቢመጣ፣ የትኛውን በር ያንኳኳ?