እርማት፦ ስፓይራል ራስ ለሞተሩ እረፍት አይደለም

ወንድሜ፣ «ፒያላ (የእንጨት መላጊያ) ማሽንህ ላይ ስፓይራል ራስ ግጠም፤ ትንሽ ሞተር እንኳ ሳይጨናነቅ ይልጋል» ያልከው ላይ እርማት አለኝ። ስፓይራል ራስ ማለት በረጃጅም ቀጥ ያሉ ቢላዎች ፈንታ ትንንሽ ቢላዎች በጥምዝ መስመር የተደረደሩበት፣ እየተሽከረከረ የሚልግ የማሽኑ ክፍል ነው። ድምፁ ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ሸክሙም የቀነሰ ይመስለዋል። ቀጥ ያለው ቢላ እንጨቱን በየተራ ይመታል፤ ጩኸቱም ከዚያ ነው። በስፓይራሉ ግን ትንንሾቹ የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቁስ) ቢላዎች ተከታትለው ስለሚበሉ ሞተሩ ፋታ የለውም። ሰፊ ዋንዛ ስታሳልፍ እንዲያውም የበለጠ ጉልበት ሊፈልግ ይችላል። ሞተርህ ትንሽ ከሆነ በአንዴ ብዙ አታስበላው።

ጥቅሙ ሌላ ጋ ነው። የውስጥ ክሩ (የጭረቱ አቅጣጫ) የተጠማዘዘ እንጨት ብዙም አይቦጨቅም። ባለ አራት ጠርዙ ቢላ ሲደነዝዝም ብሎኑን ፈትተህ 90 ዲግሪ ማዞር ነው። ብቻ መቀመጫውን በደንብ ጥረግ። ከስር ሰጋቱራ ከቀረ ቢላው ከፍ ይልና ጣውላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ያወጣብሃል። እኔ አንድ የጠረጴዛ ፊት እንዲህ አበላሽቻለሁ።