«ጨጓራ ነው» እያልን እስከ መቼ?

ወገኖቼ፣ የአእምሮ ሕመም ሲባል ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው መንገድ ላይ ብቻውን እያወራ ወደሚያልፈው ሰው ነው። ቤታችን ያለውን ግን አናይም። እህታችን ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ታድራለች፤ «ሐሳብ ነው፣ ይለቃታል» እንላለን። ወንድማችን ሥራ ትቶ ፍራሽ ላይ ሲውል «ጥጋብ ነው» እንላለን። የጠገበ ሰው ምግብ አስጠልቶት ይከሳል እንዴ?

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎች ስለዚህ ነገር ተጠይቀው ነበር። መጠይቁ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው፤ 20 ጥያቄ፣ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ»። ራስሽን ያምሻል? የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል? እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ሆድሽን ይረብሽሻል? ከመቶው 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ታየባቸው። ከስድስት ሰው አንድ መሆኑ ነው። ሴቶቹ ላይ ደግሞ ይበረታል። ይህ እንግዲህ ከኮቪድም ከሰሜኑ ጦርነትም በፊት ነው።

ጥያቄዎቹን ልብ በሉልኝ። ራስ፣ ሆድ፣ እንቅልፍ። የኛ ሰው ሲከፋው ልቡን ሳይሆን ጨጓራውን ይዞ ነው ክሊኒክ የሚሄደው። ልጇ በሊቢያ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ የጠፋባትን አንዲት እናት አስቡ። «ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል» ትላለች። ደም ትሰጣለች፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብላ መድኃኒቷን ይዛ ትመለሳለች። ሳይሻላት ሲቀር «ጨጓራ» ይባላል። ስለ ልጇ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። እናንተ ነጭ ጋውን የለበሳችሁ፣ ወረፋው እንደሚያጣድፋችሁ አውቃለሁ። ግን «እንቅልፍስ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጸበል መሄድ ነውር የለውም። ነውሩ ሰውን በሰንሰለት አስሮ መውሰድ፣ ኪኒኑንም ማስጣል ነው። ጸበሉንም መድኃኒቱንም ይዞ የዳነ ስንት ሰው አለ!

አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። እኛ ግን ስሙን ስድብ አደረግነው። በጨዋታ «አንተን አማኑኤል ነው መውሰድ» የሚለው ሰው፣ የገዛ ልጁ በጭንቀት ሲታመም ጎረቤት እንዳይሰማ በር ይዘጋል። ጋብቻ ሲመጣም «ዘራቸው ውስጥ አለ» እያልን እናስፈርሳለን። ታዲያ ማን ደፍሮ አመመኝ ይበል? በድሃ አገሮች የአእምሮ ሕመም ካለባቸው አራት ሰዎች ሦስቱ ምንም ሕክምና አያገኙም። ለዚህ የባለሙያና የበጀት እጥረት አለበት፣ አልክድም። የምላሳችን ድርሻ ግን ቀላል አይደለም።

አንድ ሰው ደግሞ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ቁጣም ስብከትም ትተን አጠገቡ እንቀመጥ። ብቻውን ሳንተወው ሐኪም ዘንድ እናድርሰው። «ውሻ የሚጮኸው አይነክስም» እያላችሁ የምታልፉ፣ እባካችሁ ተዉ።

የድብርት ኪኒን ደግሞ እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓታት አይሠራም። ለውጡ እስኪታይ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከተሻለውም በኋላ ለወራት ይቀጥላል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «ምን ለውጥ አመጣልህ? ሱስ ሳይሆንብህ ጣለው» የምትሉ ዘመዶች፣ መድኃኒቱን የሚያስቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው፤ እናንተ አይደላችሁም።