ይድረስ ለማከብርህ «ለወላጆች በሙሉ»

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ ማህተም አርፎበታል
ጉዳዩ፦ ሰኔ በሰላም እንዲያልቅ ስለመጠየቅ

ውድ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሆይ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ የምትናፈቅበት ፋታ አልሰጠኸኝም። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ መጥተሃል። ጠዋት «ማስታወቂያ» ተብለህ መጣህ። ከሰዓት «አስቸኳይ ማስታወቂያ» ሆንክ። ማታ ልጄን አስተኝቼ እግሬን ዘርጋ ሳደርግ ደግሞ «ማስተካከያ» የሚል ካባ ደርበህ ከች አልክ። ስምህን ብትቀያይርም አነጋገርህን አውቀዋለሁ። «ለወላጆች በሙሉ» ብለህ ትጀምራለህ፤ «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ብለህ ትጨርሳለህ። ሰው የሚገድለው መሃል ላይ ያለው ነው።

ከመስከረም እስከ ግንቦት እኮ እንዲህ አልነበርክም። ጨዋ ነበርክ። በወር አንዴ ብቅ ትላለህ፤ ጥፍር ይቆረጥ፣ ምሳ ዕቃ ላይ ስም ይጻፍ ትላለህ፤ ትሄዳለህ። ሰኔ ሲገባ ምን እንደሚነካህ እንጃ። አንተና ዝናቡ አንድ ላይ ነው የምትጀምሩት። ዝናቡ ይሻላል። ቢያንስ ደመናው ቀድሞ ይታያል።

እስቲ ከግማሽ ቀኑ እንነሳ። በፈተና ሳምንት ልጆቹ የሚቆዩት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው አልክ። መልካም። ይህን ያልከው ግን እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ለሰኞ። ኢድ አል አድሃ እንኳ በጨረቃ ነው የሚወሰነው። ግን ጨረቃዋ ዙልሂጃ ሲገባ ትታያለች፤ በዓሉ የሚውለው በወሩ በ10ኛው ቀን ነው። ሰው በግ የሚገዛበት፣ ቤቱን የሚያሰናዳበት ጊዜ አለው። ሰማይ ላይ ያለች ጨረቃ ከሳምንት በላይ ፋታ ስትሰጥ፣ አንተ ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ሆነህ የምትሰጠን አንድ ሌሊት ነው። እሱንም ተኝተንበት።

ሰኞ ሰርቪሱ ልጄን 6 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ አውርዷት ሄደ። ሹፌሩን ስጠይቀው «አድርስ ተባልኩ፣ አደረስኩ» አለኝ። ምን ይለዋል? ቤት ውስጥ ሰው የለም። የግቢያችን እማማ አስገብተው ሽሮ አበሏት። ማታ ስገባ ልጄ የዩኒፎርሟ ደረት ላይ የሽሮ ካርታ ይዛ፣ እግሯን እያወዛወዘች የእሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ ዓርብ ነግሬህ ነበር እኮ» አለችኝ።

ነግራኛለች። «ሰኞ ግማሽ ቀን ነን» ብላኛለች። ያላመንኳት እኔ ነኝ። ማህተም የላትማ።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሆነ። ረቡዕ እንደገና ግማሽ። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ግቢው ለ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ጣቢያ ስለሆነ የ2ኛ ክፍል ልጅ ድርሽ እንዳትል ተባለ። ለ6ኛ ክፍሎቹ ይቅናቸው፤ በነሱ አልመጣብህም። የኔ ፈታኝ ግን አለቃዬ ነው። ለአራተኛ ጊዜ ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮው ስገባ ገና አፌን ሳልከፍት ወረቀቱን አቀበለኝ።

«ልጅህ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ሁለተኛ።»

«በሁለተኛ እንዲህ ከሆንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሥራ ልትለቅልን ነው?»

በቀጣዩ ሳምንት የመዝናኛ ቀናት ናቸው ብለህ መጣህ። አንዱ ቀን የባህል ልብስ፣ አንዱ ቀን ቢጫ ቲሸርት። ቢጫውን የነገርከን ያው እንደ ልማድህ በዋዜማው ማታ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ቢጫ ቲሸርት ፍለጋ ወጥተህ ታውቃለህ? መድኃኒት ታገኛለህ። ጥብስ ታገኛለህ። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ቢጫ ቲሸርት ግን የለም። የኔን የድሮ ማሊያ በመርፌ ቁልፍ ጎንና ጎኑን አጥብቤ ላክኋት። ጉልበቷ ድረስ ደረሰ። ስትመለስ፣ ቢጫ የ3ኛ ክፍል ነበር አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልምጣ።

በኛ ጊዜ አንተ አልነበርክም። ሰኔ 30 ነበር። በቃ። ሰኔ 30 ካርድ ይሰጣል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ይህን ለማወቅ ማንም ማስታወቂያ አያነብም። ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ደግሞ የተጣላ ልጅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ!» እየተባባልን እንዛዛት ነበር። ካርድ ከተሰጠ በኋላ የሚቆጣ አስተማሪ የለማ። እኔ ራሴ 4ኛ ክፍል እያለሁ በጥቅምት ተቀጥሬ በሰኔ የተመታሁ ሰው ነኝ። ያ ልጅ ስምንት ወር ቆይቶ ቀኗን ጠብቆ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማስተካከያ አልላከም። «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» አላለም። ቀጠሮ ማለት እንደሱ ነው።

አንተ የካርዱን ቀን የነገርከን በፎቶ ነው። ከጎን የተነሳ አንድ ገጽ ወረቀት፤ ጥጉ ላይ የሰው አውራ ጣት አለበት። ከላይ አማርኛ፣ ከታች እንግሊዝኛ። አማርኛው «ካርድ የሚሰጠው ሰኞ ሰኔ» ይልና ከዚያ ክብ፣ ወይን ጠጅ ማህተም። ቀኑ ላይ ግጥም ብሎ ተቀምጧል። አጎላሁት። ስልኩን ዘቅዝቄ አየሁት። ለባለቤቴ ሰጠኋት፣ መነጽሯን አድርጋ አየችው። ማህተሙ ውስጥ ያለው የትምህርት ቤቱ ስም ፊደል በፊደል ይነበባል። ቀኑ ግን የለም።

የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጉባኤ ተጠራ። አንድ ነገረኛ የሒሳብ ሰው፣ «ሰኞ እስከሆነ ድረስ ወይ 16፣ ወይ 23፣ ወይ 30 ነው» ብሎ አጠበበልን። አንዷ እናት «አሜን» ብለው ጻፉ፤ ምኑን እንደሆነ እስካሁን አልገባንም። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው ተገኘና «እንግሊዝኛውን እዩት» አለ። አየነው። «ጁን 30» ይላል። ተመስገን አልን። ጁን 30 በኛ ሰኔ 23 ነው፤ አምናም ዘንድሮም ያው ነው። ዕለቱም ሰኞ ነው። ገጠመልን።

በ23 ጠዋት ልጄን የሐበሻ ቀሚሷን አልብሼ፣ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ለመምህሯ የሚሆን አበባ ይዤ ሄድኩ። ዝናቡ ደግሞ ያን ቀን ነበር የጨከነው። በሩ ላይ ስንደርስ ሌሎች ሰባት ወላጆች ቆመዋል። አንዱ አባት ሙሉ ቶርታ በካርቶን ይዟል። ዘበኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉና ከአናታችን እስከ እግራችን አዩን።

«ዛሬ ምን አለ?»

«ካርድ።»

«ካርድማ የዛሬ ሳምንት ነው።»

ለካ እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰው «ሰኔ»ን «ጁን» ብሎ ተርጉሞ፣ 30ውን እንዳለ ትቶታል! ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው ወንድሜ። ድፍን ሰባት ቀን ልዩነት። ሰባት ቀን በመሆኑ ደግሞ ሁለቱም ሰኞ ላይ ዋሉ፤ ዕለቱ እንኳ አልመሰከረብህም። አባቶች «ሰኔና ሰኞ» የሚሉት ሰኔ 1 ሰኞ ሲውል ነው፤ ዓመቱ አይቀናም ይላሉ። ለኔ በ23 ገጠመብኝ።

ቶርታው እስከ ሳምንት አይቆይ። ዘበኛው ከመጠለያቸው ቢላዋ አወጡ። እዚያች ጠባብ ቆርቆሮ ሥር ስምንት ወላጅ፣ ስምንት ልጅና አንድ ዘበኛ ተጠጋግተን በላነው። ላዩ ላይ «መምህራችን እናመሰግናለን» ተብሎ ተጽፎበታል። ለኔ የደረሰኝ «እና» የሚለው ጋ ነው። እውነት ለመናገር፣ በዚህ ሰኔ ካሳለፍኳቸው ሰዓቶች ሁሉ ደህናው እሱ ነበር። ልጄም «የካርድ ቀን አሪፍ ነው» አለች። ገና መሆኑን አልነገርኳትም።

ግን አንድ ነገር ላይ ላመስግንህ፤ ሰው ሁሌ ወቀሳ ብቻ አይጽፍም። ግንቦት ላይ «መጠነኛ የክፍያ ማሻሻያ» ብለህ ጠርተኸን ነበር። («ማሻሻያ» የሚለውን ቃል ማን እንዳስተማረህ ባውቅ ደስ ባለኝ። ማን ነው የተሻሻለው?) ጭማሪ ከወላጅ ጋር ውይይት ይደረግበታል ይባላል። ተወያየን። እናንተ ተናገራችሁ፣ እኛ ሰማን፣ ውሃ ጠጣን፣ ወጣን። የዚያ ስብሰባ ቀን አንድም ጊዜ አልተዘዋወረም። ለዚያ ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የነገርከን። በዋዜማው ደግሞ አስታወስከን።

የምዝገባው ማስታወቂያማ ሌላ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ቀን በቀን ይገጥማሉ። መጀመሪያው ተጽፏል፣ መጨረሻው ተጽፏል፣ ለዘገየ ቅጣቱ በየቀኑ ስንት እንደሚጨምር በሠንጠረዥ ተቀምጧል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ደመቅ ብሎ፣ አሥራ ሦስቱም አሃዝ ወለል ብሎ ይታያል። ፎቶው ቀጥ ብሎ ነው የተነሳው። አውራ ጣት የለበትም። ማህተሙስ? ራቅ ብሎ፣ ባዶ ቦታ ፈልጎ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ማህተም የሚመታው ሰው ዓይን እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

መጨረሻው ላይ «ከተጠቀሰው ቀን በኋላ ለሚመጡ ወላጆች ት/ቤቱ ኃላፊነቱን አይወስድም» ትላለህ። የሽሮውን፣ የማሊያውንና የቶርታውን ኃላፊነት ማን እንደሚወስድ ግን የትኛውም መስመርህ ላይ አላገኘሁም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ ብዙም አያስወጣችሁም። ከእንግዲህ ማስታወቂያውን ሁሉ ገንዘብ ተቀባይዋ ይጻፉት። የግማሽ ቀኑንም፣ የቢጫውንም፣ የካርዱንም። ሌላ ሰው ብዕር እንዳይነካ። እሳቸው ሐምሌና ጁላይን አይቀላቅሉም። አንድ ቀን ቢሳሳቱ ከኪሳቸው እንደሚሄድ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ማህተሙንም እሳቸው ጋ አስቀምጡት።

ዛሬ ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ይዘኸው የመጣኸው ማስተካከያ ምን እንደሚል ገና አልከፈትኩትም። ልጄ ግን ከመተኛቷ በፊት ጥርሷን እየፋቀች «አባዬ፣ ሰኞ ካርድ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት ነው» ብላኛለች። ከማን እንደሰማች አልጠየቅኋትም። የፈቃድ ቅጹን «ከሰዓት» ብዬ ሞልቼዋለሁ።

ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

የ2ኛ «ሀ» ተማሪ አባት

ግልባጭ፦
ለአለቃዬ፣ አምስተኛው ፈቃድ መሆኑን ቀድመው እንዲያውቁት፤
ለሰርቪሱ ሹፌር፣ ሰው መኖሩን አይቶ እንዲያወርድ፤
ለዘበኛው፣ ሰኞ ቢላዋው አያስፈልግም፤
ለልጄ፣ ቀድማ ስለምታውቀው ለመረጃ ያህል ብቻ።