ስልሳ ወር ለ3.8 ሰከንድ

እኛ ቱሉ ዲምቱዎች ከአዲስ አበባ ዳር ነን። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራት በፈቃዱ ይመጣል፣ ታክሲ ደግሞ ሲመጣ ይመጣል። ከሁሉ ቀድሞ ሳይዘገይ የደረሰልን አንድ ነገር ቢኖር ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 3.8 ሰከንድ ብቻ የሚበቃው መኪና ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን መኪና በባንክ ብድር ገዝተው ሰፈራችንን ላስከበሩ ጀግኖች የቀረበ ምስጋና ነው። ሐውልት ቢቆምላቸው ደስ ባለኝ፤ አደባባዩን ሲኖትራክ ስለያዘው ግን ለጊዜው በወረቀት ይያዝልኝ።

ፍጥነቱን ከየት አመጣኸው የሚል ቢኖር፣ ሄዶ ከመኪናው ኋላ ያንብብ። “ቢዋይዲ ሲል” (BYD Seal) የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቁጥሩን በሚያብረቀርቅ ምልክት ከኋላው ለጥፎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ግልጽነት ማለት ይህ ነው። ምነው ከጎኑ ሌላ ምልክት ጨምረው “60 ወር” ብለው በጻፉበት! መረጃው ሙሉ ይሆን ነበር። ጉልበቱ ደግሞ 530 የፈረስ ጉልበት ነው። በሰፈራችን የሚመላለሰው ባጃጅ አሥር ያህል አለው። ስለዚህ አንዱ ጎረቤታችን በየማለዳው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በሃምሳ ባጃጅ ኃይል ነው። ትምህርት ቤቱ ከግቢያችን ማዶ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ጀግንነቱ ያለው እዚያ ነውና። ለምሳሌ የመኪናው ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ባንኩ 40 በመቶ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ የቀረውን 3 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢያበድር፣ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 76 ሺህ 180 ብር ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 45 ሺህ ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 31 ሺህ ብር ገደማ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ914 ሺህ ብር በላይ ተከፍሎ ዋናው ዕዳ የሚጎድለው 407 ሺህ ብር ያህል ነው። ስልሳው ወር ሲሞላ ወለዱ ብቻውን ከ1 ሚሊዮን 570 ሺህ ብር ያልፋል። ይህን ለ3.8 ብናካፍለው፣ አንዷ ሰከንድ ከ413 ሺህ ብር በላይ ወጥታለች ማለት ነው። የመኪናውን ዋጋ ገና አልነካሁም፤ የወለዱን ብቻ ነው የምናገረው።

ተራ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ጀግና አይደነግጥም፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው “በወር ስንት ነው?” ብሎ ብቻ ነው። ጠቅላላውን መጠየቅ የፈሪ ሥራ ነው። ደግሞስ ባንኩን የመሰለ ወዳጅ ከየት ይገኛል? መኪናው ሙሉ የኢንሹራንስ ሽፋን ይገባለት ይላል፤ ካሳው ሲመጣ በቅድሚያ ለእኔ ይከፈል ይላል፤ ሊብሬውን ተቀብሎ ካዝናው ውስጥ ያስቀምጣል። ወረቀቱ በዘበኛ ይጠበቃል፣ መኪናው ደጅ ዝናብ ይወርድበታል።

ቅድመ ክፍያውስ? እዚህ ላይ የማኅበራዊ ኑሯችን ውበት ይታያል። የመጀመሪያው ሚሊዮን ከእቁብ መጣ፤ ዕጣው የደረሰው ለሌላ ሰው ነበር፣ ተለምኖ ተለቀቀ። የቀረው ከወንድም፣ ከእህት፣ ከባልደረባ እና ለልጅ ትምህርት ከተቀመጠው ተሟላ። ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ሲጠይቅ ደግሞ የአባት ቤት ካርታ ከሳጥን ወጣ። አዛውንቱ ጉለሌ ያለውን ቤታቸውን ካርታ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ “ልጄ፣ አዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ ይህቺን ደርግ እንኳ ትቶልኛል” አሉ። ልጅም በአክብሮት፣ “አባዬ፣ ይህ እኮ መወረስ አይደለም፤ መያዝ ነው” ሲል አረጋጋቸው። አባትም ተረጋጉ። በ1967 ዓ.ም. እንዲህ በትሕትና የሚያስረዳ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ያን ያህል ባልፈሩም ነበር።

መንግሥትም በዚህ ገድል ድርሻ አለው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡን 15 በመቶ አደረገው። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የታሰበው ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ማዳን ነበር። ጀግኖቻችን ግን ሐሳቡን ከመንግሥት በላይ ተረዱት። በትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ሥራ ሄዶ መመለስማ ማንም ይችላል፤ ከታክሱ በተረፈው ገንዘብ እነርሱ ፈረስ ገዙበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ፣ ከ57 ብር ገደማ የተነሣው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ሌላው ሰው ከጤፉና ከዘይቱ ቀነሰ። እነርሱ ግን “ሳይጨምር እንግዛ” ብለው ሮጡ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ፣ በኋላ ነው ገደቡን ከፍ ያደረገው። ገንዘብ እንዲህ ሲጠብ ለዱቄት ወፍጮ ብድር የጠየቀው ሰው ወረፋ ቢጠብቅ ምን ይገርማል? ዱቄት በ3.8 ሰከንድ የትም አይደርስም።

የኤሌክትሪክ ነገር ከተነሣ የመሙላቱን ሥርዓት ሳልገልጽ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የዚህ መኪና ባትሪ 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ከተራ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሲሞላ፣ ባዶ ከነበረ 37 ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ ያውም ሲሞላ የሚባክነውን ኃይል ሳንቆጥር፣ ያውም መብራት ሳይጠፋ። ጀግናችን የሚኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሲመሽ በማድ ቤቱ መስኮት ኤክስቴንሽን ገመድ ይለቃል። ገመዱ የሦስተኛ ፎቁን የልብስ ማስጫ ሽቦ ታክኮ፣ የሁለተኛውን የሳተላይት ሳህን ዞሮ፣ የምድር ቤቱን የጎመን መደብ አቋርጦ መኪናው ዘንድ ይደርሳል። ሁለት ቦታ ላይ ተቀጥሏል፤ ቅጥሎቹ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለው፣ ለዝናብ እንዲሆን ፌስታል ታስሮባቸዋል። ከአምስት ሚሊዮን ብሩ መኪና ደኅንነት መካከል ትልቁ ድርሻ የዚያ ፌስታል ነው።

“አባባ፣ ገመዱን ሰው እንዳይረግጥብኝ አደራ” ይላል ሌሊት ጥበቃውን።

“ይጠበቃል ልጄ” ይላሉ ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። “መብራቱን ነው እንጂ እኔ የማልጠብቀው።”

መብራቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሄዳል። ጀግናው ጠዋት ሲነሣ የባትሪው መጠን ከማታው ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ በቻይንኛ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንዲት ሴትም በጨዋ ድምፅ በቻይንኛ የሆነ ነገር ታሳስባለች። ማስጠንቀቂያ ይሁን ሰላምታ አይታወቅም። እርሱ ግን ራሱን ነቅንቆ ይሁን ይላታል፤ ከባንኩ ጋር የተፈራረመውን ውልም ያነበበው በዚሁ መንገድ ነው።

መንገዱ ላይ ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ። መኪናው ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ባትሪው፣ ማለትም ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ውዱ፣ የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ነው። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር አንዱ ድንጋይ ሲሰምጥ ሌላው ብቅ ይላል። በዚያ ላይ ነዋሪው በገዛ እጁ ያፈሰሳቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ። ጀግናችን ጉብታ ፊት ሲደርስ መሪውን ሙሉ ይጠመዝዛል፣ በሰያፍ ይጠጋል፣ ሚስቱን “እባክሽ ውረጂና እዪልኝ” ይላታል። እርሷ ነጠላዋን ይዛ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ “ቀስ... ቀስ... አቁም!” ትላለች። ከኋላ ያለው ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል። ከዚያ አስፋልት ወጥቶ እስከ ቃሊቲ ድረስ አሸዋ ከጫነ ሲኖትራክ ኋላ ይሰለፋል። 530 ፈረስ በአንድ ላይ አቧራ ሲቅሙ ማየት ልብ ይነካል።

“ታዲያ ፍጥነቱን የት ይጠቀምበታል?” የሚሉ ምቀኞች አሉ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እኛው አፍንጫ ሥር መሆኑን ዘንግተውታል። ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ የታጠረ፣ በክፍያ የሚገባበት መንገድ! እውነት ነው፣ ትልቁ የተፈቀደ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ጀግናችን ትኬቱን ተቀብሎ እግሩን ሲጫን መቶን በ3.8 ሰከንድ ያልፋል፣ ሃያዋን ለመጨመር እፍኝ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ደስታው ትኬቱ ኪስ ሳይገባ ተፈጽሟል። የቀረውን መንገድ ሁሉ ከአንድ አሮጌ ቪትዝ ጋር ጎን ለጎን እኩል ይነዳል። የቪትዙ ሰውዬ ያለ ዕዳ መንዳቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ለዚህም ነው ማንም ዘወር ብሎ የማያየው።

ለመታየቱማ ዋጋ አለው። አባቶች “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ያሉት የባንክ ወርቅ ባለመኖሩ ነው። ይኸው ያደምቃል! ባለ አትክልቷ ድሮ “ወንድሜ” ትለው የነበረውን ሰው አሁን “ጋሼ” ትለዋለች፤ ቲማቲሙንም በጋሼ ዋጋ ትሸጥለታለች። ጎሚስታው መኪናውን ከሩቅ ሲያይ ገና ሒሳቡን ይከልሳል። ዕድሩ ለድንኳን መግዣ መዋጮ ሲያወጣ የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ዘመድ ሲያገባ ሙሽሪትን ማን ያምጣ የሚል ክርክር ቀርቷል። “አልችልም፣ ባትሪ የለውም” ማለት ነውር ስለሆነ፣ ጀግናው 37 ሰዓት አስቀድሞ ገመዱን መልቀቅ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ቀረጥ በየትኛውም የጉምሩክ ሰነድ ላይ አልተጻፈም፤ እርሱ ግን ሳይቀር ይከፍላል፣ ፈገግ ብሎም ይከፍላል።

“ቢሆንም መኪና ንብረት ነው” ይላል ሲጠየቅ። አይፈረድበትም፤ በአገራችን አንድ ሰው ኮሮላ ገዝቶ፣ አሥር ዓመት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ በሆነ ብር ሲሸጥ ኖሯል። ያደገው መኪናው ሳይሆን የወረደው ብር መሆኑን መናገር ደስታ ማደፍረስ ነው። የስልክ ፀባይ ያለው፣ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል የሚወጣለት መኪናም እንደ ኮሮላው ይሆናል ብሎ ማመን ደግሞ እምነት ይባላል፤ እምነት ደግሞ አይነካም።

ክፍያው ቢያቅተውስ? ያኔ ደግሞ ዝና ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች የያዙትን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይመላለሱ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አላቸው። ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፤ በሠንጠረዥ፣ በሥርዓት። የተበዳሪው ስም በአንድ ዓምድ፣ የሰሌዳ ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር በሌላው፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ። “አስያዥ” በሚለው ዓምድ ሥር የአባትየው ስም እስከ አያት ይሰፍራል። ዕድሜ ልካቸውን ጋዜጣ ሲያነቡ የኖሩ ሰው በመጨረሻ ጋዜጣው እርሳቸውን ያነባቸዋል። ይህን የመሰለ ክብር ለወላጅ ያበረከተ ልጅ ስንት አለ?

ጀግናችን ግን ገና እዚያ አልደረሰም፤ ሐሳቡም ሌላ ቦታ ነው። ስልክ ሲሠራ የምናውቀው ሻኦሚ በ2.78 ሰከንድ መቶ የሚደርስ መኪና መሥራቱን ደላላው ነግሮታል። ከዚያን ቀን ወዲህ የእርሱ 3.8 እንደ በሬ ጋሪ ይታየው ጀምሯል። ልዩነቱ 1.02 ሰከንድ ነው፤ ሰው ከዚህ በታች ለሆነ ነገርም ዕንቅልፍ ያጣል። ባንኩን አማክሯል፤ ባንኩ መያዣው ቢጠናከር ጥያቄውን ለማየት ፈቃደኛ ነው። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ እንጀራውን ቆርሶ፣ ወጡን አጥቅሶ፣ ቀና ሳይል ሚስቱን ጠየቃት፦

“የእናትሽ ቤት ካርታው በማን ስም ነው?”