ኮሌታው ነትቧል

ባለቤቴ ሸሚዜን አየችና «ኮሌታው ነትቧል» አለችኝ። «አልነተበም፤ ሳስቷል» አልኳት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሳሳ ልብስ ብርሃን ቢያሳልፍም ገና ልብስ ነው፤ የነተበ ግን ክሩ መለያየት ጀምሯል። ባለቤቴ ሸሚዙን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። እጥፋቱ ላይ፣ ጢሜ ሲፈትገው በኖረው ቦታ፣ ጣቷን ከውስጥ አሾልካ አወዛወዘችልኝ። ጣቲቱ ሰላም የምትለኝ ትመስል ነበር። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

አማርኛ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ጨርቅ ነተበ፣ ቢላዋ ዶለዶመ፣ ወረቀት ወየበ፣ ቀለም ደበዘዘ ይባላል። «ቢላዋው ነተበ» የሚል ሰው ከመጣ የዶለዶመው አማርኛው ነው። እኔ የምፈራው ነቀዘ የሚለውን ነው። ነቀዝ እህሉን ከውስጥ ቦርቡሮ ሲጨርስ ቅርፊቱን ይተውልናል፤ ላይ ላዩን ላየው ምንም አልጎደለም፣ ሲጨብጡት ግን ዱቄት ነው። (እንዲህ ያሉ ሰዎችን ጨብጬ አውቃለሁ።)

ሸረሸረ፣ ቦረቦረ፣ ፈረፈረ የሚሉትን ደግሞ ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ሸረ-ሸረ፣ ቦረ-ቦረ። ቃሉ ራሱ ትንሽ ቆንጥሮ ይሄድና ለሌላ ቁንጥር ተመልሶ ይመጣል።

ችግሩ፣ የስብሰባና የሪፖርት ሰው ከዚህ ሁሉ ሀብት አንዱን ብቻ መርጦ መያዙ ነው። እምነት ተሸርሽሯል፣ ሥነ ምግባር ተሸርሽሯል፣ የሥራ ፍላጎት ተሸርሽሯል። በዚያች ፊተኛዋ «ተ» ሥር ስንት ሰው ተጠልሏል! «እኔ ሸርሽሬዋለሁ» ብሎ እጁን ያወጣ ተሰብሳቢ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ብረት እንኳ ውሃና ኦክስጅን ተባብረው ሲበሉት በሌላ አያላክክም፤ «ተ» ሳያስቀድም፣ ዛገ ተብሎ ያርፋል።

ለሰው ሲሆን ቃሉ ሁሉ ይጠፋናል። የድሮ ጓደኛ ሲያገኘን፣ ዓይኑ የሸሸው ፀጉራችን ላይ እንደተተከለ፣ «ምንም አልተለወጥክም!» ይለናል። እኛም አጸፋውን እንመልሳለን።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴን «ለእኔስ የትኛው ይስማማኛል?» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተማ ተሸርሽረሃል።»

«ማን ሸረሸረኝ?»

መልስ ሳትሰጠኝ ሸሚዙን ይዛ ወጣች። ዛሬ ጠዋት የወለሉን መወልወያ አዲስ ጨርቅ ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለት ቁልፎች አሉት።