እንኳን ስራ ፈትተሽ አገኘሁሽ

ሰሞኑን ማታ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። በአንድ እጇ ደረሰኝ የታጨቀበት ፌስታል፣ በሌላው በሳህን ሳምቡሳ ይዛለች። እኔ መፅሐፍ ዘርግቼ፣ ካልኩሌተር አስቀምጬ፣ እርሳስ ፀጉሬ ውስጥ ሰክቼ ቬንትሌተሩ ስር ተቀምጫለሁ። አየችኝና ፊቷ በራ።

«ወላሂ እንኳን ስራ ፈትተሽ አገኘሁሽ!»

ሳምቡሳው ባይኖር ሌላ ነገር ልናገር ነበር።

እስቲ ፍረዱኝ። ቀኑን ሙሉ መስሪያ ቤት ነበርኩ። ማታ ደግሞ ፈተና አለብኝ፣ ኤሲሲኤ የሚሉት፣ የለንደኖቹ የሂሳብ ባለሙያነት ፈተና። 13 ፈተና ነው። በዲግሪያችን የተወሰነው ይታለፍልናል፣ የቀረውን አንድ በአንድ መጋፈጥ ነው። ማለፊያው 50 ነው። ይህን ስናገር ሁሌ «ሃምሳ ብቻ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያንን ሰው የእናት ኩባንያና የልጅ ኩባንያ ሂሳብ አንድ ላይ አጠቃልል ብዬ፣ ሰዓት ሞልቼ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ሳምቡሳ ብበላ ደስ ይለኛል።

ሰው ስልኩን ሲጎረጉር ማንም አይነካውም። አርሴናልና ማንቸስተር ሲጫወቱማ ሰፈራችን ሳቢያን ፀጥ ይላል፤ ልጅ ካለቀሰ እንኳ እናቱ ይዛው ትወጣለች። ኳስ የሚያይ ሰው ስራ ላይ ነው። መፅሐፍ የያዘ ሰው ግን እጁ ባዶ ነው ተብሎ ይታሰባል። «ምን እያደረግሽ ነው?» ይሉሻል። «እያነበብኩ» ትያለሽ። «እንግዲያው ነይ ሽንኩርት ክተፊ።» ይሄ «እንግዲያው» ነው የሚያበሽቀኝ።

መጀመሪያ ሳቅ ብዬ አልፈው ነበር። አሁን አልስቅም። አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ እንቅልፉ የሚማረውን ነገር እንደ ሥራ ፈትነት መቁጠር ነውር ነው። ያውም ገንዘቡ በፓውንድ! የመመዝገቢያውም፣ የዓመቱም፣ የፈተናውም ክፍያ በእንግሊዝ ፓውንድ ነው የሚሰላው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ፓውንዱ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደመወዜ ግን ያው ነው። ፈተና ብወድቅ የምወድቀው በፓውንድ ነው፤ የምከፍለው በብር ነው፤ የሚመጣልኝ ማፅናኛ ደግሞ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ነው።

እቅድ ማውጣቱ አልቸገረኝም። በጀት የምሠራ ሰው ነኝ። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። የአሰሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። እሺ፣ 48 ቀንሱ። እንቅልፍ ቀንሱ። ባጃጅ መጠበቂያ ቀንሱ። ያም ሆኖ ወረቀት ላይ የሚያስቀና ሰዓት ይተርፋል። ችግሩ ሂሳብ ላይ ያልሰፈረው እዳ ነው። እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር፣ ክርስትና፣ ኒካህ፣ ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል። ለቅሶ ደግሞ ለብቻው ነው።

ለቅሶን አይኤኤስ 37 የሚሉት ዓለም አቀፍ የሂሳብ መመዘኛ ጥሩ አድርጎ ይገልፀዋል። ያረቀቁት ሰዎች ድሬዳዋ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያውቃሉ ባልልም። ለሚመጣ ወጪ መጠባበቂያ የሚያዘው፣ ይላል መመዘኛው፣ ባለፈ ድርጊት የተነሳ አሁን ግዴታ ሲኖርብሽ ነው። አለብኝ፤ የእኛ አያት ሲያርፉ አሁን ሐዘን የደረሰበት ሰው ሦስቱንም ቀን መጥቶ አድሯል። ግዴታው የሚያስወጣሽ መሆኑ ያመዝን፣ ይላል። ያመዝናል። በቂ ግምት መስጠት ይቻል። ይቻላል፣ ከቀብር እስከ ሠልስት። እርግጠኛ ያልሆነው ጊዜው ብቻ ነው። ጊዜው ግን ምን ጊዜም የፈተና ዋዜማ ነው።

የመስሪያ ቤቴ ባልደረባ ይህን ሁሉ በቀለም ፈትቼዋለሁ ይላል። እሱም ተመዝጋቢ ነው። ኤክሴል ላይ የሠራውን የጥናት ፕሮግራም ላከልኝ። ንባቡ አረንጓዴ ነው፣ ክለሳው ቢጫ፣ የድሮ ፈተና መሥሪያው ብርቱካናማ፣ እረፍቱ ሰማያዊ። ረድፉ ሲሞላ በራሱ ቀለም ይቀይራል። ከስር የተጠናው ሰዓት በመቶኛ ይወጣል። ወሩን ሙሉ ፎርሙላውን ሲያሳምር ነው የከረመው። መቶኛው ዜሮ ነው። «ዜሮዋን በቀይ ላድርጋት ወይስ ልተዋት?» ብሎ ደግሞ ምክር ጠየቀኝ።

እሱስ ከወንድሜ ጓደኞች ይሻላል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ድሬ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። በዚያ ሙቀት ሦስተኛ አማራጭ የለም። እኛ ሳሎን ይቅማሉ። የአወዳይ ጫት፣ ለስላሳ፣ ኦቾሎኒ፣ በውሃ የተሞላ ጀሪካን። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ጫጫታ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ምርቃናው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የዓለም ችግር ሁሉ ተራ በተራ ይፈታል። ባለፈው ተራው የኔ ሆነ።

«እህትህ ስንት ፈተና ነው ያለባት?»

«አስራ ሦስት።»

ፀጥታ። ቀጥሎ አንዱ፣ ምርቃናው ከሁሉም የገፋው፣ ፍራሹን በጥፊ ሲመታ ሰማሁት።

«አቦ አስራ ሦስት! አገራችን ስንት ወር ነው ያላት? አስራ ሦስት! በወር አንድ፣ በዓመት አለቀ!»

ጉድ ተባለ። እንዴት እስከዛሬ አልታየንም ተባለ። ካርቶን ተቀደደ፣ እስክሪብቶ ተፈለገ። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት እያሉ መደቡልኝ። ጳጉሜን ላይ ሲደርሱ ክርክር ተነሳ፤ አምስት ቀን ናታ! «ለሷ ቀላሉን እንመድባለን» አለ ባለሐሳቡ፤ በድምፅ ብልጫ ፀደቀ። የቀረኝ ፈተና በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው ብዬ በበሩ ብቅ ብል በሐዘን አዩኝ። አንዱ «ተስፋ አትቁረጪ እህቴ» አለኝ። ሲመሽ ሳሎኑ ዝም አለ። ሁሉም የየራሱን ገራባ እያየ ተከዘ። ከዚያ ለጨብሲ ወጡ። ካርቶኑን እናቴ በማግስቱ ከሰል አያያዘችበት።

እዚህ ላይ የምወዳት ተረት አለች፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»። አባቶቻችን የሂሳብ ሰዎች ነበሩ ብዬ የማምነው በዚህች ነው። አይኤኤስ 41 ላምን በሂሳብ ለመመዝገብ ምን ይላል? በእጅሽ ትሁን፣ በቁጥጥርሽ ስር። ጥቅም ታመጣለች ተብሎ ይጠበቅ። ዋጋዋ ይገመት። የሰማይዋ ላም ከሦስቱ አንዱንም አታሟላም። ቁጥጥሩ የለም፣ ወተቷ አይታይም፣ ገበያ አውጥቶ ዋጋ የሚጠራላት ደላላ የለም። ስለዚህ አትመዘገብም። በቃ። በአንድ መስመር! ፈረንጅ ገፅ የፈጀበትን ነገር። ይህንን ለአስተማሪዬ ብነግረው «ፈተና ላይ እንዳትፅፊው» አለኝ።

አጎቴ ግን ሌላ ተረት ነው የሚወደው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ባየኝ ቁጥር። ወይ ሥራሽን ያዢ ወይ ትምህርትሽን ማለቱ ነው። አጎቴ ከዚራ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ባቡር ሰዎችን ታውቋቸዋላችሁ፤ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ስለደረሰ ከተማውን እነሱ የወለዱት ይመስላቸዋል። በእርግጥ አልተሳሳቱም። ግን ባቡሩ የጊዜ አጠቃቀም ምሳሌ ተደርጎ ሲቀርብልኝ አልታገስም። «ባቡር ሰዓቱን ያውቃል ልጄ፤ አንቺም እንደዚያ ሁኚ» ይላል። የትኛው ባቡር? አሮጌው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሐዲድ ስቶ መንገድ ላይ ሲያድር ያልሰማ ድሬ ውስጥ ማን አለ? ሁለት ዛፍ የሚለውም ያናድደኛል። ዛፉ አንድ ነው። ከአዋጅ 847/2006 ወዲህ ብዙው ኩባንያ በዓለም አቀፍ መመዘኛ ሪፖርት አድርግ ተባለ፤ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ «ኤሲሲኤ ላላት ቅድሚያ ይሰጣል» ማለት ጀመረ። ዛፉ ላይ ለመቆየት ነው የምማረው፣ ሌላ ዛፍ አምሮኝ መሰለው እንዴ?

ቂሜ ከአጎቴ ጋር አይደለም። ቂሜ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ነው። ፈተናው የሚሰጠው በየካቲት መጨረሻ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ በነሐሴ መጨረሻና በህዳር መጨረሻ ገደማ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ ልፈተን ብል የመዝጊያው ግርግር ነው። ሐምሌ ቆጠራ ነው፤ መጋዘን ገብተሽ በዚያ ወበቅ የቆርቆሮ ጥቅል ትቆጥሪያለሽ። ነሐሴ ኦዲት። እስከ ጥቅምት ድረስ የዓመት ግብር። በየወሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በየወሩ ጡረታ። የለንደን ሰዎች ቀኑን ሲመርጡ እኛን ሊጎዱ አስበው አይመስለኝም፤ ግን አስበው ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ አይመርጡም ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ስመዘገብ በጣም ነው የተደሰተው። ስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። የጥናት ፈቃድ ስጠይቅ ጊዜ ጭብጨባው ቆመ። «ፈተናሽ ሐሙስ አይደል? ረቡዕ ማታ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን አለ» አለኝ። ለሱ ፈተና ማለት ወንበሩ ላይ መቀመጡ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ነገር ሁሉ የግል ሕይወት ነው።

ስለ ጎረቤታችን ነበር የጀመርኩት። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፣ መፅሐፌ ላይ። የዘንድሮው ከአምናው ጋር፣ የመብራቱ ከትራንስፖርቱ ጋር ተደባልቋል። መሐል ላይ የሞባይል ካርድም አለ። ያነበብኩት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ ነው። «ታክስ ነው» አልኳት። ደስታዋን ብታዩ! «የእንግሊዝ ታክስ ነው ግን» አልኩ። የእኛ አገር ታክስ የለበትም፤ እኔ የምፈተነው የእነሱን ነው። አንድ እንግሊዛዊ 12,570 ፓውንድ እስኪደርስ የገቢ ግብር እንደማይከፍል አውቃለሁ። ሲሞት ውርሱ ከ325,000 ፓውንድ ካለፈ ከትርፉ ላይ 40 በመቶ እንደሚወሰድ አውቃለሁ። ይህን ስነግራት አፏን ይዛ «ለልጆቹስ?» አለች። አዘነች። ለማታውቀው እንግሊዛዊ። ከዚያ ፌስታሉን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ለማንኛውም ግብር ግብር ነው፣ የኔን አንድ በይልኝ» አለች።

አንድ አልኩላት። ሳምቡሳውም ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ኦዲቱ በሁለት ሳምንት ቀደም ብሏል። ለክለሳ ብዬ የያዝኳቸው ሁለት ሳምንታት ናቸው። ምነው ብለው፣ ከኦዲተሮቹ አንዱ ወጣት ነሐሴ መጨረሻ የኤሲሲኤ ፈተና አለበት፤ የኦዲት ድርጅቱ የጥናት ፈቃድ ሰጥቶታል። «በጊዜ እንጨርስለት» አለኝ፣ «ልጁ ይጨነቃል፣ ተረጋግቶ ያጥና።»