የ«ፒክኒክ» የፈጠራ ታሪክ

«ፒክኒክ» (ዛሬ ደጅ ወጥቶ የሚበላ የሽርሽር ምግብ) የሚለው ቃል አሜሪካ ውስጥ ነጮች ጥቁሮችን ሰቅለው ሲገድሉ ምግብ ይዘው ይሰበሰቡ ከነበረበት ልማድ የመጣ ስለሆነ ሊነገር አይገባም የሚል መልእክት ከኢሜይል ዘመን ጀምሮ ሲዘዋወር ኖሮ ዛሬም በማኅበራዊ ሚዲያ አለ። በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የአልባኒ ዩኒቨርሲቲ ለጥቁሩ የቤዝቦል ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን መታሰቢያ የተሰናዳን «ፒክኒክ» የተባለ ዝግጅት ስም በዚሁ ቅሬታ የተነሣ ቀይሯል።

ቃሉ ግን ፈረንሳይኛ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን «ፒክኒክ» ይባል የነበረው እያንዳንዱ በላተኛ ድርሻውን የሚያመጣበት ወይም የሚከፍልበት ማዕድ ነበር፤ በእኛው አነጋገር የመዋጮ ግብዣ። እንግሊዛዊው ሎርድ ቼስተርፊልድ በ1748 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ሲጠቅስ አሜሪካ ገና አገር አልሆነችም። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ለንደን ውስጥ በዚሁ ስም የተቋቋመው የባለጸጎች ማኅበር ማን ምን ምግብ እንደሚያመጣ በዕጣ ይደለድል ነበር፤ የሚበላውም አዳራሽ ውስጥ እንጂ ሣር ላይ አልነበረም። ከደጅ ጋር የተቆራኘው ትርጉም የጎላው ከዚያ ወዲህ ነው።

መልእክቱን ያመኑትን ሰዎች ግን አልነቅፍም፤ ምክንያቱም ቃሉ ላይ የተለጠፈው ትዕይንት ራሱ በእርግጥ ተፈጽሟል። በኤፕሪል 1899 በጆርጂያ ግዛት፣ ኒውናን አጠገብ ሳም ሆስ የተባለ ጥቁር በሕይወት ሳለ ሲቃጠል ለማየት ከአትላንታ በልዩ ባቡር የተሳፈሩ ነበሩ። ምሁሩ ዱ ቦይስ ጉዳዩን በተመለከተ የጻፈውን ይዞ ወደ አንድ ጋዜጣ ቢሮ ሲያመራ፣ የሟቹ የጣት አንጓዎች አትላንታ ውስጥ በአንድ ሱቅ ለዕይታ መቀመጣቸውን ሰምቶ ከመንገድ ተመለሰ።

የፈጠራው ታሪክ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ማንኛውም መዝገበ ቃላት በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል፤ ከፈረሰም በኋላ ግፉን መካድ የሚሻ ሰው «ሌላውም እንዲሁ ተረት ነው» ለማለት ምቹ ሰበብ ያገኛል። በ2018 በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ የተከፈተው መታሰቢያ እንዲህ ያለ ሰበብ አይሰጥም፤ በ1877 እና በ1950 መካከል የተገደሉ ከ4,400 በላይ ጥቁሮችን የሚዘክረው በውስጡ ባሉት የብረት ሐውልቶች ላይ ግድያው የተፈጸመበትን ካውንቲ (የግዛት ንዑስ አስተዳደር) እና የሚታወቁትን የሟቾች ስሞች በመቅረጽ ነው።